የጨዋታን ደራሲ በቀጥታ ስለ መጠየቅ፤ ከወልቂጤና ከቡታጅራ የተገኘ ትምህርት

በዚህ ጽሑፍ ልናጠናው ያሰብነው ነገር ከሩቅ ሲያዩት ቀላል የሚመስል ነው። ይኸውም የገበታ ጨዋታ የሚወዱ ሰዎች ጨዋታውን ከፈጠሩት ሰዎች ጋር በኢንተርኔት አማካይነት በአንድ ሰዓት ተገናኝተው የሚያደርጉት የጥያቄና የመልስ ጉባኤ እንዴት ይሰናዳል? የሚል ነው። የገበታ ጨዋታ ስንል በጠረጴዛ ወይም በመሬት ላይ ተዘርግቶ፥ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው በጠጠር፥ በካርታ ወይም በተቀረጸ እንጨት የሚጫወቱትን ሁሉ ማለታችን ነው። ገበጣና ሰንጠረዥም በዚህ ውስጥ ይገባሉ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ፈተና በደረሰበት ጊዜ ስለ ጨዋታ መጻፍ ምን ይባላል?» ማለታቸው አይቀርም። መልሳችን አጭር ነው። እኛም ስንጀምር ስለ ጨዋታ የምንማር መስሎን ነበር፤ ስንጨርስ ግን የተማርነው ስለ መጠየቅ ሆኖ አገኘነው። ጠይቆ ለመረዳት የማይችል ተማሪ ደግሞ ፈተናውን ቢያልፍም ትምህርቱን አለፈ አይባልም።

ደራሲው ለምን ይጠየቃል?

ጨዋታን ተጫውቶ መደሰት እየተቻለ ሠሪውን ፈልጎ መጠየቅ ምን ይጠቅማል? ለዚህ ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ እናምጣ። ሞኖፖሊ የተባለውን፥ መሬትና ቤት እየገዙ የሚጫወቱትን ጨዋታ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ለብዙ ዓመታት ሠሪው ቻርልስ ዳሮው የተባለ አሜሪካዊ ነው ሲባል ቆይቷል፤ እርሱም ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1935 ፓርከር ብራዘርስ ለተባለው ድርጅት ሸጧል። ነገር ግን ኤልዛቤት ማጊ የተባለች ሴት የዚህን ጨዋታ እናት፥ «የባለርስቱ ጨዋታ» ብላ የሰየመችውን፥ እ.ኤ.አ. በ1904 በመንግሥት መዝገብ በስሟ አስመዝግባ ነበር። እርሷ ጨዋታውን የሠራችው መሬት በጥቂቶች እጅ ሲከማች ብዙው ሰው እንዴት እንደሚደኸይ ለማስተማር ነበር። ድርጅቱም መብቷን በ500 ዶላር ገዛት፤ ከዚያ በኋላ ስሟ ተረሳ።

ይህ እውነት በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ውስጥ ነው። ራልፍ አንስፓክ የተባለ የምጣኔ ሀብት መምህር ከድርጅቱ ጋር በገጠመው ሙግት ምክንያት፥ ጨዋታው ሳይሸጥ በፊት በየቤታቸው ይጫወቱት የነበሩትን አዛውንቶች እየፈለገ ጠየቃቸው። እነርሱም የሚያስታውሱትን ነገሩት፤ በገዛ እጃቸው የሣሉትንም ገበታ ያወጡለት ነበሩ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ያልተናገረውን የተናገሩት በሕይወት የነበሩ ተጫዋቾች ናቸው። ጠያቂው ከሃያ ዓመት በኋላ መጥቶ ቢሆን ኖሮ የሚያገኘው መቃብር ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ በእኛ ዘመን የሆነ ነው። ካታን የተባለውን በዓለም የታወቀ የገበታ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ክላውስ ቶይበር የተባለ ጀርመናዊ ነው። ሥራው ሰው ሠራሽ ጥርስ ማዘጋጀት ነበር፤ ከሥራ በኋላ ማታ ማታ በቤቱ ጨዋታ እየሠራ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይሞክረው ነበር። እርሱ እ.ኤ.አ. በ2023 ዐርፏል። ስለዚህ ያን ደንብ ለምን እንዲህ አደረግኸው? ብሎ እርሱን መጠየቅ ከእንግዲህ አይቻልም፤ በሕይወቱ ሳለ ተጠይቆ የተናገረው ብቻ ቀርቷል።

የእኛ ጨዋታ ደራሲ ማነው?

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ጠለቅ ይላል። ገበጣን ማን ሠራው ተብሎ ቢጠየቅ ስም የሚጠራ የለም። ጨዋታው እጅግ የሰፋ የአፍሪካ ቤተሰብ አካል ነው፤ በጋና ኦዋሬ፥ በኡጋንዳ ኦምዌሶ፥ በታንዛኒያ ባኦ እየተባለ ይጠራል። በጋና የሚጫወቱት በሁለት መስመር በ12 ቤትና በ48 ጠጠር ነው፤ ባኦና ኦምዌሶ ግን አራት መስመር፥ 32 ቤትና 64 ጠጠር አላቸው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ባለ ሁለት መስመሩም ባለ ሦስት መስመሩም ይገኛል፤ ሦስት መስመር ያለው ደግሞ የዚህ የእኛ አካባቢ ልዩ ምልክት ነው። በየመስመሩ 6 ቤት፥ በየቤቱ 3 ጠጠር ቢደረግ 18 ቤትና 54 ጠጠር ይሆናል ማለት ነው።

ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣ ባወጡት ጥናት ከየአውራጃው ወደ መቶ የሚደርሱ የአጨዋወት ዓይነቶችን መዝግበዋል። ይህን ስናነብ አንድ ነገር ገባን። ገበጣ ደራሲ የሌለው ጨዋታ አይደለም፤ ደራሲው የበዛ ጨዋታ ነው። በአንድ ሰፈር ተቀምጠው «እንዲህ ቢሆን ይሻላል» ብለው የተስማሙ ሰዎች ሁሉ ደራሲዎቹ ናቸው። ታዲያ የጨዋታን ደራሲ እንጠይቅ ካልን ከጀርመን አገር ብቻ ሳይሆን ከቡታጅራም መጥራት ይገባናል ማለት ነው። ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ2017 በአዲስ አበባ ዐርፈዋል፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጠየቁ ሥራ በእኛ ላይ ነው።

የቦታው ሁኔታ

ለምን በኢንተርኔት? ለሚለው መልሱ በካርታው ላይ ይታያል። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲውም ከእርሷ አለፍ ብሎ በጉብሬ ይገኛል። ቡታጅራ ደግሞ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው በምሥራቁ መንገድ ላይ ናት፤ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከተመሠረተ በኋላ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆናለች። በሁለቱ መካከል የጉራጌ ተራሮች ቆመዋል። አንድ ተማሪ ከጉብሬ ተነሥቶ ቡታጅራ ላሉ አንድ ሽማግሌ አንድ ጥያቄ ጠይቆ ለመመለስ የመኪና ዋጋና ሁለት ቀን ያስፈልገዋል። ድምፅ ግን ተራራውን በአንድ ቅጽበት ይሻገራል።

መሣሪያውም በእጃችን አለ። በተማሪዎች ዘንድ የተለመደው ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በቡድን ውስጥ በድምፅ የመወያየትን ዘዴ አመጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ደግሞ እጅ የማንሣትንና ውይይቱን የመቅዳትን ዘዴ ጨመረበት። ይህ ማለት አዳማጩ ዝም ብሎ ይሰማል፥ መናገር ሲፈልግ እጁን ያነሣል፥ አስተናባሪው ሲፈቅድለት ይናገራል ማለት ነው።

ለጉራጌ አገር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በየመንደሩ መካከል ጀፎረ የሚባል ሰፊና ለምለም ጎዳና አለ። ልጆች ይጫወቱበታል፥ ሠርግና ለቅሶ ይውልበታል፥ ሸንጎም ይቀመጥበታል። የቦታው ባለቤት ሁሉም ነው፤ እንደ ልቡ የሚያጥረው ግን ማንም የለም። እኛም ልናሰናዳ ያሰብነው እንደዚህ ያለ የድምፅ ጀፎረ ነበር።

ከስሕተታችን የተማርናቸው

ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም። ጥቂት ጓደኛሞች ሆነን ሁለት ጊዜ ሞክረን፥ በመጀመሪያው ወድቀን፥ በሁለተኛው በግማሽ ተሳክቶልን ያየነው ነው። ጥፋቱ የራሳችን ስለሆነ በማንም ላይ አናላክክም።

1ኛ፤ ሰዓትና ቀን። የመጀመሪያውን ጉባኤ ያጠፋው ይህ ነው። በጀርመን አገር የሚኖሩ አንድ የጨዋታ ደራሲ እንግዳ እንዲሆኑልን ጠይቀን እሺ አሉን። እኛም ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለታችን ሲሆን «በአዲስ አበባ ሰዓት 2:00» ብለን ላክንላቸው። እርሳቸው እንደ አገራቸው ልማድ አስበው ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት ገቡ፤ በዚያን ሰዓት ሁላችንም ክፍል ውስጥ ነበርን። ብቻቸውን ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቀው «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» የሚል የትሕትና መልእክት ትተው ወጡ። ያፈርነውን ማፈር እኛ እናውቃለን። ስለዚህ ለውጭ እንግዳ ሰዓት ሲጻፍ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ ቀኑም በእኛና በእነርሱ ወር ጎን ለጎን ይቀመጥ። ደግሞም የጀርመን ሰዓት በበጋቸው ከእኛ በ1 ሰዓት፥ በክረምታቸው በ2 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ለውጡ የሚሆነው በጥቅምት ወር ስለሆነ ከመስቀል በፊት የተቀጠረ ቀጠሮ ከጥቅምት በኋላ እንደገና ይታይ።

2ኛ፤ ጥያቄ አስቀድሞ ይሰብሰብ። ጨዋታውን ያልተጫወተ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ይህን ሐሳብ ከየት አገኙት?» ይላል። ይህ ክፉ ጥያቄ ባይሆንም እንግዳው ሺህ ጊዜ የመለሰው ነው። የተጫወተ ሰው ግን «ሦስተኛው ተጫዋች ሁልጊዜ የሚሸነፈው ለምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ ደራሲው ይነቃል። ስለዚህ ለመጠየቅ የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይጫወት የሚል ደንብ አወጣን። ጨዋታውን መግዛት ስላልቻልን ደራሲው በላኩልን ደንብ መሠረት ገበታውን በካርቶን ላይ ሣልነው፥ ጠጠሩንም ከባቄላና ከጠርሙስ ቆርኪ አደረግነው።

ለገበጣ ደግሞ አራት ጥያቄዎችን በአንድ ዓይነት ቃል አዘጋጀን። (ሀ) ቤቱ ስንት ነው፥ ጠጠሩስ በየቤቱ ስንት ነው? (ለ) ማን ይጀምራል? (ሐ) የመጨረሻው ጠጠር ጠጠር ካለበት ቤት ሲወድቅ አንሥቶ ይቀጥላል ወይስ ያቆማል? (መ) አንደኛው ወገን ጠጠር ሲያልቅበት ቀሪው የማን ነው? ይህን ዘዴ ያስታወሰን ከእኛ አንዱ የቡታጅራ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመሩት የቡታጅራ የገጠር ጤና ጥናት ስሙ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። መዝጋቢዎቹ ከቤት ቤት እየዞሩ የተወለደውን፥ የሞተውን፥ የመጣውንና የሄደውን ይመዘግቡ ነበር። ለሁሉም ቤት ጥያቄው አንድ ካልሆነ የአንዱን መልስ ከሌላው ማስተያየት አይቻልም። በሁለት መንደር ያለውንም ገበጣ ማስተያየት የሚቻለው እንዲሁ ነው።

3ኛ፤ ተራ ማስያዝ። በጥንቱ የሰንጠረዥ ጨዋታችን ውስጥ ወረራ የሚባል ክፍል አለ። ከመጀመሪያው ጠጠር መበላት በፊት ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፈቀዱ ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን ሲበላ ግን ወረራው ያበቃል፥ ከዚያ በኋላ በተራ ነው። የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ይወዱ እንደ ነበር እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል። አስተናባሪ የሌለው የድምፅ ጉባኤ ያለ ማቋረጥ ወረራ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገራል፥ ማንም አይሰማም። አስተናባሪው የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ ለሰላምታና ለሳቅ ይተው፤ ከዚያ በኋላ ግን ተራ ይያዝ። የሰባት ቤት ጉራጌ ሸንጎ የሆነውን የጆካን ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፥ ነገር ያስረዘመውም ይታረማል።

እዚህ ላይ ራሳችንን እንወቅስ። ከተማሪዎች መካከል ጥያቄ እጠይቃለሁ ብሎ ንግግር የሚያደርግ ብዙ ነው። ያነበበውን ሁሉ ዘርዝሮ ሲያበቃ «በዚህ ላይ ምን ይላሉ?» ይላል። እንግዳው ምን ይበሉ? እኛ አንድ ጥያቄ ከሁለት ዐረፍተ ነገር አይብለጥ አልን፤ ደንቡን መጀመሪያ የጣሰው ደንቡን ያወጣው ጓደኛችን ነበር።

4ኛ፤ ቋንቋ። በጉባኤያችን ሦስት ቋንቋ ነበረ። የቡታጅራው ሽማግሌ በመስቃንኛ ይናገራሉ፥ የእኛ ቋንቋ አማርኛ ነው፥ የጀርመኑ እንግዳ በእንግሊዝኛ ይሰማሉ። አንድ ቃል ሦስት ጊዜ ስለሚነገር የአንድ ሰዓት ጉባኤ ፍሬው ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። ይህን ሳያስቡ አሥር ጥያቄ ይዞ መግባት እንግዳን ማዋከብ ነው። አራት በቂ ነው። አስተርጓሚውም ጨዋታውን የሚጫወት ይሁን፤ የማይጫወት አስተርጓሚ «ቤት» የሚለውን የመኖሪያ ቤት አድርጎ ሊተረጉመው ይችላል፤ እኛም ዘንድ እንዲሁ ሆኖ ደራሲው ብዙ ግራ ተጋብተዋል።

5ኛ፤ መብራትና ኔትወርክ። በጉባኤው ሰዓት መብራት ቢጠፋስ? የሚለው በእኛ አገር ሩቅ ሐሳብ አይደለም። አስተናባሪው ሁለት ይሁን፤ አንዱ በወልቂጤ፥ ሌላው በቡታጅራ ሆኖ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይቀጥል። ስልኮቹ ቀድመው ይሞሉ። ጥያቄዎቹም በጽሑፍ በሁለቱም እጅ ይኑሩ።

6ኛ፤ መቅዳት። ይህን በመጨረሻ ያስቀመጥነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ታሪኩ ከዚህ ይጀምራልና።

የሆነው

ሁለተኛው ጉባኤ የተደረገው በመስቀል ሰሞን ነው። በአዲስ አበባና በሌላም አገር የሚሠራው የጉራጌ ልጅ ለመስቀል አገሩ ስለሚገባ ቤቱ ሁሉ ሙሉ ነበር። የቡታጅራው ጓደኛችን ስልኩን ይዞ ገበጣ በማወቅ የታወቁ አንድ ሽማግሌ ቤት ሄደ። ሽማግሌው ስልክ በእጃቸው ይዘው አያውቁም ነበር፤ ስለዚህ ስልኩን ከጉልበታቸው አጠገብ በበርጩማ ላይ አስቀመጠው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቅን። ዝም አሉ። ደገምን። «ልጆቼ፥ ደንቡን በአፍ አላውቀውም» አሉ። እኛ ወልቂጤ ሆነን ጉባኤው እንደ ሞተ ቆጠርነው። ጓደኛችን ግን አስተዋይ ነውና ከግድግዳው የገበጣውን እንጨት አውርዶ ጠጠሩን ፊታቸው አፈሰሰው። እርሳቸው ጠጠሩን እያከፋፈሉ ሳይጠየቁ መናገር ጀመሩ። የመናገራቸውና የጠጠሩ ድምፅ በስልኩ ውስጥ አብሮ ይሰማን ነበር። አንድ ቤት ሲያነሡ የሚሉትን፥ ያ ቤት ባዶ ሲሆን የሚሉትን፥ አባታቸው ያስተማራቸውን ሁሉ አወጡት። ከዚህ የተማርነው የጨዋታን ዐዋቂ ስንጠይቅ ጨዋታው ፊቱ ይቅረብለት የሚል ነው። እጅ የሚያውቀውን አፍ ብቻውን አያወጣውም።

ከዚያ በኋላ የጀርመኑ ደራሲ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ አሉ። ከአራቱ ጥያቄዎቻችን ውጭ ነበር። «ሽማግሌው ከሕፃን ጋር ሲጫወቱ እንዴት ያደርጋሉ?» አሉ። እኛ አንዳችንም ይህን አላሰብነውም ነበር። ሽማግሌው ሳቁና «እያየሁ እሳሳታለሁ» ብለው መለሱ። ደራሲው ይህ ሲተረጎምላቸው ቆይተው፥ እርሳቸውም ከልጃቸው ጋር እንዲሁ እንደሚያደርጉ፥ ነገር ግን ይህን በደንብ መጽሐፍ ላይ ጽፈው እንደማያውቁ ተናገሩ። በዚያች ደቂቃ ሁለት የጨዋታ ደራሲዎች፥ አንደኛው በሣጥን ላይ ስሙ የተጻፈ፥ ሌላው ስሙ የትም ያልተጻፈ፥ እኩል ሆነው ሲነጋገሩ ሰማን። አስተናባሪው ዝም አለ፤ ዝም ማለቱም የዚያን ቀን ትልቁ ሥራው ነበር።

ቀጥሎ ግን ከባዱ ጥያቄ መጣ። ደራሲው በትሕትና «ሽማግሌው ያሳዩትን አንዱን ደንብ በምሠራው አዲስ ጨዋታ ውስጥ ብጠቀምበት ይፈቅዱልኛልን?» አሉ። እኛ ተደናገርን። ከእኛ አንዱ «አይሆንም፥ ይህ የአገር ቅርስ ነው» ሊል ነበር፤ ሌላው ደግሞ «ይጠቀሙበት፥ ለአገራችን ስም ነው» ሊል ነበር። ሁለታችንም የእኛ ያልሆነውን ልንሰጥና ልንከለክል ነበር ማለት ነው። ደግነቱ የተጠየቁት ሽማግሌው ናቸው። እርሳቸውም አሰቡና «ይጫወቱበት፤ ጨዋታ አይከለከልም። ከየት እንዳገኙት ግን ይናገሩ» አሉ። የእርስዎ ስም ይጻፍ? ብለን ብንጠይቃቸው «የእኔ አይደለም፤ የሰፈሩን ስም ጻፉ» አሉን።

ጉባኤው አብቅቶ ቅጂውን ለመስማት ስንከፍት ግን ቅጂ የለም። አስተናባሪያችን መቅጃውን መጫን ረስቶ ነበር። ያ ሁሉ ንግግር፥ ጠጠሩ ሲከፋፈል የተባለው ቃል፥ ፈቃዱም ጭምር፥ በአየር ላይ ቀረ።

ሕጉና ቃሉ

ይህ ቀላል ጥፋት አለመሆኑን የተረዳነው በኋላ አዋጁን ስናነብ ነው። የኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው የተጻፈውን፥ የተሣለውን፥ የተቀረጸውን የፈጠራ ሥራ ነው፤ ሐሳብን፥ የአሠራር ሥርዓትንና ዘዴን ብቻውን አይጠብቅም። በሌሎችም አገሮች የጨዋታ ደንብ ብቻውን በቅጅ መብት አይጠበቅም። እንግዲህ አንድ ሰው ከቡታጅራ የሰማውን ደንብ ወስዶ በሣጥን አሽጎ ቢሸጥ የቅጅ ሕግ አይከሰውም። ሽማግሌው የጠየቁት «ከየት እንዳገኙት ይናገሩ» የሚለው ቃል የሚከበረው በሕግ ኀይል ሳይሆን በምስክር ነው። ምስክሩ ደግሞ እኛ ነበርን፤ እኛም ማስረጃውን ጣልነው።

የውጭ አገር ደራሲዎችም ስማቸው የተጻፈላቸው በሕግ ትእዛዝ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1988 በኑረምበርግ የአሻንጉሊት ትርዒት ላይ የተገናኙ ጥቂት የጀርመን የጨዋታ ደራሲዎች ከቢራ ብርጭቆ ሥር በሚቀመጥ ካርቶን ላይ፥ ስማችን በሣጥኑ ላይ ካልተጻፈ ጨዋታችንን ለማንም አሳታሚ አንሰጥም ብለው ጽፈው ፈረሙ። ከዚያ በፊት የመጽሐፍ ደራሲ ስሙ በመጽሐፉ ላይ ሲወጣ የጨዋታ ደራሲ ስም ብዙ ጊዜ አይወጣም ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላም ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ በሣጥን ላይ የደራሲ ስም ማየት የተለመደ ነው። በአንድ የቢራ ካርቶን ላይ የተጻፈ ቃል ይህን ያህል ከሠራ፥ በድምፅ ጉባኤ የተነገረና የተቀዳ ቃልም ይሠራል።

ስለዚህ ስሕተታችንን ለማረም ጓደኛችን በማግሥቱ ወደ ሽማግሌው ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ፤ አስፈቅዶም ቀዳ። የሚደንቀው ግን በዚህ ጊዜ የተናገሩት ደንብ በአንድ ነገር ከትናንቱ ተለየ። የመጨረሻው ጠጠር ጠጠር ካለበት ቤት ሲወድቅ ትናንት «ያነሣል» ያሉትን ዛሬ «ያቆማል» አሉ። ጓደኛችን ግራ ተጋብቶ የትኛው ነው ትክክሉ? ቢላቸው «ትናንት እንደዚያ ተባብለን ጀመርን፤ ዛሬ አንተ ምንም አላልህም» አሉት። ደንቡ ከጨዋታው በፊት የሚደረግ ስምምነት ነው ማለታቸው ነው። ያለ ስምምነት ሲሆን የሚሠራው አንዱ ነው፥ ተስማምተው ሲሆን ሌላው ነው። ቅጂው ጠፍቶ ባይሆን ኖሮ ይህን አናውቅም ነበር፤ ይህ ግን ለረሳው ጓደኛችን ምክንያት እንዲሆነው አንፈቅድም። በዝርዝራችን ላይ ግን አምስተኛ ጥያቄ ጨምረናል፤ (ሠ) ከመጀመራችሁ በፊት ምን ትባባላላችሁ?

ለጀርመኑም እንግዳ የሽማግሌውን ቃል በጽሑፍ ላክንላቸው። እርሳቸውም ያን ደንብ ከተጠቀሙበት «ከቡታጅራ» የሚለውን እንደሚጽፉ በጽሑፍ መለሱልን። ጨዋታው ገና አልወጣም፤ ሲወጣ ሣጥኑን አገላብጠን የምናይ እኛ ነን።

መደምደሚያ

በአገራችንም ጨዋታ የሚፈጥሩ ሰዎች እየተነሡ ነው። በአዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ኩኩሉ የተባለውን የስልክ ጨዋታ ሠርቷል። ከእኛም መካከል ካርታና ገበታ ነድፈው በመኝታ ክፍል የሚጫወቱ አሉ። እነዚህ ሁሉ ተጠያቂ ይፈልጋሉ፤ ጥሩ ጠያቂም ይፈልጋሉ።

ስለዚህ ለሚቀጥለው መስቀል ወደ አገሩ የሚገባ ተማሪ ሁሉ አንድ ነገር እንዲያደርግ እንለምናለን። በቤቱ ወይም በጎረቤቱ ገበጣ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ፥ ከፊቱ ገበታውን አቅርቦ፥ አምስቱን ጥያቄዎች በአንድ ዓይነት ቃል ይጠይቅ፤ አስፈቅዶ ይቅዳ፤ የሰውየውን ፈቃድ፥ ካልፈቀደም የሰፈሩን ስም ይጻፍ። ከወልቂጤ፥ ከቡታጅራ፥ ከእምድብር፥ ከአገና የሚመጡትን መልሶች አሰባስበን በአንድ የድምፅ ጉባኤ ሽማግሎቹን እርስ በርሳቸው እናገናኛለን። የእነርሱን ክርክር መስማት ከማንኛውም እንግዳ ይበልጥብናል ብለን እናምናለን።

መቅጃውን ግን አስቀድማችሁ ተጫኑ።